የጠፍጣፋው ዓሣ ሒሳብ
የሰሜን ባሕር ፕሌይስ የማይታይን ሀብት መለካት እንዴት እንዳስተማረ

አንድ ባለሙያ በዓይኑ የማያየውን ሀብት እያወጣ ሲጠቀም፣ ሀብቱ እየመነመነ መሄዱን በምን ያውቃል? ማዕድን ቆፋሪም፣ የከርሰ ምድር ውኃ አውጪም፣ ዓሣ አስጋሪም በየሙያቸው የሚገጥማቸው ጥያቄ ይኸው ነው። ለዓሣ ሀብት ዛሬ የተደራጀ የስሌት ዘዴ አለ። ዘዴው የተገኘው ግን በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሊቅ ጥረት አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ የክርክር፣ የሙከራና የስሕተት ውጤት ነው። በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ከሌሎች ዓሦች ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ራሱን በአሸዋ ሸፍኖ የሚኖር አንድ ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ይኸውም ፕሌይስ የሚባለው የሰሜን ባሕር ዓሣ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብ ያስፈልጋል።

የዓሣው ጠባይ

ፕሌይስ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ፣ የላይኛው ገጹ ቡናማ ሆኖ በብርቱካንማ ነጠብጣቦች ያሸበረቀ፣ የታችኛው ገጹ ነጭ የሆነ ዓሣ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ወገን፣ ይኸውም በቀኝ ገጹ ላይ ይገኛሉ። ከእንቁላሉ ሲወጣ ግን እንዲህ አይደለም። ጫጩቱ እንደማንኛውም ዓሣ ቀጥ ብሎ የሚዋኝ፣ በግራና በቀኝ አንዳንድ ዓይን ያለው ነው። ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ የግራ ዓይኑ ቀስ በቀስ ከራሱ በላይ ተሻግሮ ከቀኙ ዓይን ጎን ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ ዓሣው በግራ ጎኑ ተኝቶ የባሕር ወለል ኗሪ ይሆናል፤ የቆዳውንም ቀለም ከተኛበት አሸዋ ጋር እያመሳሰለ ከጠላቶቹ ይሰወራል።

ለታሪኩ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የዓሣው የጉዞ ሥርዓት ነው። እናቲቱ በክረምት ወራት ከጠረፍ ራቅ ባለ ስፍራ እንቁላሎቿን ትጥላለች። እንቁላሎቹ በውኃው ውስጥ እየተንሳፈፉ፣ ጫጩቶቹም በባሕሩ ሞገድ እየተገፉ ወደ ጠረፍ ይጓዛሉ። በሆላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ጠረፍ ላይ የተዘረጋው፣ የባሕሩ ውኃ በየዕለቱ እየሞላና እየሸሸ የሚያጥበው ቫደን የተባለው ጥልቀት የሌለው ባሕርና የወንዞች መድረሻ አፍ ዋነኛው ማሳደጊያቸው ነው። ሕፃናቱ በዚያ ትላትሎችንና ትናንሽ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታትን እየተመገቡ ካደጉ በኋላ፣ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ስለሆነም ትንሹ ዓሣ በጠረፍ፣ ትልቁ ዓሣ በመሐል ባሕር መገኘቱ የተለመደ ነው። ይህ ሥርዓት ለዓሣው ጥበቃ ምቹ መስሎ ቢታይም፣ ከዚህ በታች እንደሚገለጸው ብዙ ውጣ ውረድ አስከትሏል።

እንፋሎትና መረብ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የእንግሊዝ አስጋሪዎች ፕሌይስን የሚይዙት በሸራ በሚነዱ ጀልባዎች ነበር። ጀልባው በባሕር ወለል ላይ እንደ ከረጢት የተሰፋ መረብ ይጎትታል፤ የመረቡን አፍ ከፍቶ የሚይዘው ረጅም የእንጨት አግዳሚ ነው። የዚህ መሣሪያ አቅም በሁለት ነገሮች የተገደበ ነበር። አንደኛው ነፋስ ነው፤ ነፋስ ከሌለ ጉተታ የለም። ሁለተኛው የአግዳሚው ርዝመት ነው፤ ከተወሰነ መጠን በላይ የረዘመን እንጨት መርከበኞች ሊያነሡትና ሊያወርዱት አይችሉም።

በ1848 የባቡር ሐዲድ ወደ ግሪምዝቢ ወደብ ደረሰ። በረዶ የተነሰነሰበት ዓሣ ሳይበላሽ ወደ ለንደንና ወደ ኢንዱስትሪ ከተሞች መጓዝ በመቻሉ፣ ቀድሞ የጠረፍ ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ዓሣ የሠራተኛው ሕዝብ ምግብ ሆነ። ፍላጎቱ ሲያድግ መሣሪያውም አብሮ አደገ። በ1877 በኖርዝ ሺልድስ ሌሎች መርከቦችን ለመጎተት የተሠራች «መሴንጀር» የተባለች የእንፋሎት ጀልባ መረብ እንድትጎትት ተሞከረ፤ ሙከራውም አተረፈ። በ1881 ደግሞ ከመነሻው ለዚሁ ሥራ ታስባ በሃል ከተማ የተሠራችው «ዞዲያክ» የተባለች የእንፋሎት መርከብ ለግሪምዝቢ አስጋሪዎች ሥራ ጀመረች። በዚህም የመጀመሪያው ገደብ፣ የነፋስ ገደብ፣ ተነሣ።

ሁለተኛው ገደብ የተነሣው በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው። የእንጨቱ አግዳሚ ቀርቶ በመረቡ አፍ ግራና ቀኝ ሁለት ሰፋፊ ሳንቃዎች ተደረጉ። ሳንቃዎቹ ከጉተታው አቅጣጫ ጥቂት ዘንበል ብለው ስለሚታሰሩ፣ መርከቧ ስትጎትት የውኃው ግፊት ወደ ውጭ እየገፋ ያራርቃቸዋል፤ የመረቡም አፍ በራሱ ይከፈታል። መፍትሔው ቀላልና ብልሃት የተመላበት ነው። በእንጨቱ ምትክ የውኃው ኃይል ራሱ ሥራውን በመሥራቱ፣ መረቡ ከቀድሞው እጅግ ሰፊ ሆኖ ሊሠራ ቻለ። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከሃልና ከግሪምዝቢ ወደቦች የሸራ ጎታቾች በእንፋሎት መርከቦች ተተኩ።

የ1866ቱ ውሳኔና የ1883ቱ ክርክር

የጎታች መረብ መስፋፋት ተቃውሞ አላጣም። በመንጠቆና በቋሚ መረብ የሚተዳደሩ የጠረፍ አስጋሪዎች፣ ጎታቹ መረብ በባሕር ወለል ላይ ያለውን የዓሣ እንቁላል እየፈጨ ዘሩን ያጠፋል ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1863 መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ከአባላቱ አንዱ ስመ ጥሩው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ ነበር። ኮሚሽኑ በ1866 ባቀረበው ዘገባ በባሕር ዓሣ አጠማመድ ላይ የተጣሉት ገደቦች እንዲነሡ መከረ። በ1868 በወጣው ሕግም በርካታ ቀደምት ድንጋጌዎች ተሻሩ።

አስጋሪዎቹ ስለ እንቁላሉ የሰጡት ምክንያት ትክክል አልነበረም። የፕሌይስም ሆነ የአብዛኞቹ ለገበያ የሚውሉ ዓሦች እንቁላል በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ እንጂ ወለል ላይ የሚተኛ አለመሆኑን ኋላ የተደረጉ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ይሁን እንጂ የምክንያቱ ስሕተት መሆን የአቤቱታውን ፍሬ ነገር ስሕተት አያደርገውም። ዓሣ እያነሰ ነው የሚለው ስሞታ ራሱን የቻለ ምርመራ የሚፈልግ ሆኖ ሳለ፣ ከተሳሳተው ምክንያት ጋር አብሮ ተጣለ።

በ1883 በለንደን በተከፈተው ዓለም አቀፍ የዓሣ ሀብት ኤግዚቢሽን ላይ ሃክስሊ ባሰማው ንግግር፣ የወንዝ ሳልሞንና በጠረፍ የሚለቀመው ኦይስተር ሊያልቁ እንደሚችሉ አምኖ፣ ታላላቆቹ የባሕር ዓሣ ሀብቶች ግን በጊዜው በነበረው የማስገሪያ ዘዴ ሊሟጠጡ አይችሉም የሚል አስተያየት ሰጠ። ክርክሩ የማይናቅ ነበር። ተፈጥሮ ራሷ በየዓመቱ የምታጠፋው ዓሣ ሰው ከሚይዘው እጅግ ስለሚበልጥ የሰው ድርሻ ከቁጥር አይገባም የሚል ነው። በዚያው ጉባኤ ሬይ ላንከስተር የተባለው ሌላ የሥነ ሕይወት ሊቅ ተቃወመው። በባሕር ውስጥ ያለ ፍጥረት ሁሉ በሚዛን የተያያዘ ስለሆነ ሰው የሚወስደው ያለ ውጤት አይቀርም ሲል ተከራከረ። ሁለቱም ሊቃውንት የሚተማመኑበት ቁጥር ግን አልነበራቸውም። የጎታች መረብን ጉዳይ እንዲመረምር በ1883 የተሰየመውና በ1885 ዘገባውን ያቀረበው ሌላ ኮሚሽን ከሁሉ በፊት ያጎላው ይህንኑ ጉድለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየወደቡ የሚራገፈው ዓሣ መጠን በሥርዓት መመዝገብ ጀመረ።

የጋርስታንግ ስሌት

መዝገቡ አሥር ዓመት ሲሞላው ዋልተር ጋርስታንግ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ሊያነበው ተነሣ። በ1900 ያሳተመው ጥናት «የባሕር መደህየት» የሚል ፍቺ ያለው ርዕስ ነበረው።

መዝገቡ ላይ ላዩን ሲታይ አስጊ ነገር የለበትም። ከ1889 እስከ 1898 ድረስ በምሥራቅ እንግሊዝ ወደቦች የተራገፈው የባሕር ወለል ዓሣ አልቀነሰም፤ ይልቁንም ጨምሯል። ለነጋዴውና ለሹሙ ይህ በቂ መልስ ነበር። ጋርስታንግ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። ይህ ምርት የተገኘው በስንት ድካም ነው? አንዲትን የሸራ ጀልባ እንደ መለኪያ አሐድ ወስዶ፣ አንድ የእንፋሎት መርከብ የብዙ ሸራ ጀልባዎችን ሥራ እንደሚሠራ ገመተ፤ አዲሱ ባለ ሳንቃ መረብ ከመጣ በኋላም ግምቱን ከፍ አደረገ። ከዚያም የየዓመቱን ምርት ለጠቅላላው የማስገር ኃይል አካፈለ። ውጤቱ የማያሻማ ነበር። ለአንድ አሐድ የሚደርሰው ምርት በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል።

የዚህ ግኝት ትርጉም ከዓሣ ጉዳይ ያልፋል። ጠቅላላው ምርት እንዲያድግ ያደረገው የመሣሪያው መሻሻል ነው፤ የመሣሪያው መሻሻል ደግሞ የሀብቱን መቀነስ ሸፍኖታል። መርከቦቹ እየጠነከሩና ሩቅ እየሄዱ በሄዱ ቁጥር ድህነቱ ከመዝገቡ ይሰወራል። መሐንዲሱ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ሆኖም ሥራው የተሳካ መሆኑ ራሱ የአደጋውን ምልክት ደብቆታል።

ማዛወርና መፈልፈል

ችግሩ ከታወቀ በኋላ መፍትሔ ፍለጋው በሁለት መንገድ ሄደ። የመጀመሪያው መንገድ መነሻው ዴንማርክ ነው። የዴንማርክ የሥነ ሕይወት ጣቢያ መሪ የነበረው ዮሃንስ ፔተርሰን በ1890ዎቹ በሊምፍዮርድ ሰርጥ የፕሌይስን ኑሮ አጠና። ዓሣው ወዴት እንደሚጓዝና ምን ያህል እንደሚያድግ ለማወቅ በጀርባው ላይ በቀጭን ሽቦ የሚታሰሩ ሁለት ትናንሽ ክብ ሰሌዳዎችን ፈለሰፈ። ምልክቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ፔተርሰን በሰርጡ ምዕራባዊ አፍ በብዛት ተጨናንቀው ዕድገታቸው የቀጨጨው ትናንሽ ዓሦች ምግብ ወደበዛበት ውስጠኛው ክፍል ቢዛወሩ ፈጥነው እንደሚያድጉ አሳየ። ጋርስታንግም ከ1904 ጀምሮ ከጠረፍ የተያዙ ትናንሽ ፕሌይሶችን ምልክት እያሰረ በሰሜን ባሕር መካከል ወዳለው ዶገር ባንክ አዛወረ፤ የተዛወሩት ዓሦች በነበሩበት ከቀሩት እጅግ ፈጥነው አደጉ።

ሁለተኛው መንገድ እንቁላል እያስፈለፈሉ ጫጩቱን ወደ ባሕር መልቀቅ ነው። በስኮትላንድ በደንባር፣ ኋላም በአበርዲን አቅራቢያ፣ እንዲሁም በማን ደሴት በፖርት ኤሪን የተቋቋሙ ማስፈልፈያዎች በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር የፕሌይስ ጫጩት ለቀዋል። ሆኖም አንዲት እናት ብቻዋን ከመቶ ሺህ በላይ እንቁላል በምትጥልበት ባሕር ውስጥ፣ ከጥቂት ሺህ እናቶች እንቁላል የማይበልጠው ይህ ስጦታ ምርቱን ስለመጨመሩ ምንም ተጨባጭ ማስረጃ ሊገኝ አልቻለም። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ማንም ያላቀደው ሙከራ

በ1902 የሰሜን አውሮፓ መንግሥታት ዓለም አቀፍ የባሕር ምርምር ምክር ቤትን መሥርተው መቀመጫውን ኮፐንሃገን አደረጉ፤ የፕሌይስ ጉዳይም ከመጀመሪያዎቹ አጀንዳዎቹ አንዱ ሆነ። ዓሣው ለጥናት የተመቸ ነበር። ተፈላጊ ስለሆነ በብዛት ይያዛል፤ ምልክት ቢታሰርበት ይችላል፤ በጆሮው ውስጥ ያለው ድንጋይ መሰል ቅንጣት እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ ቀለበት ስለሚጨምር ዕድሜው ሊነበብ ይችላል። ይህን የዕድሜ ንባብ ዘዴ ጀርመናዊው ራይቢሽ በ1899 ከፕሌይስ ላይ አግኝቶታል። ሆኖም አንድ ትልቅ ጉድለት ነበር። የማስገር ውጤት ምን ያህል እንደሆነ በእርግጥ ለማወቅ ማስገርን ማቆም ያስፈልጋል፤ ለሙከራ ሲባል የአንድን ባሕር ሥራ የሚያቆም መንግሥት ደግሞ አይገኝም።

መንግሥታት ለሳይንስ ያላደረጉትን ለጦርነት አደረጉት። ከ1914 እስከ 1918 በተካሄደው የዓለም ጦርነት የሰሜን ባሕር ሰፊ ክፍል በፈንጂ ታጠረ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጎታች መርከቦችም ለፈንጂ ጠረጋ ሥራ ተወሰዱ። አስጋሪዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በአንድ ቀን የሚያገኙት ፕሌይስ ከቀድሞው እጅግ በልጦ፣ ትልልቁና አሮጌው ዓሣም በርክቶ አገኙት። ደስታው ግን ከጥቂት ዓመታት አላለፈም፤ መርከቦቹ ሁሉ ወደ ሥራ ሲገቡ ምርቱ ወደ ነበረበት ወረደ። ከ1939 እስከ 1945 በተካሄደው ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ይኸው ተደገመ። ሃክስሊ የሰው ድርሻ ከቁጥር አይገባም ላለው ክርክር ባሕሩ ራሱ የሰጠው መልስ ይህ ነበር።

ከሙከራ ወደ ቀመር

የቀረው ነገር ይህን ሁሉ በሒሳብ ቋንቋ መግለጽ ነው። በ1918 ፌዶር ባራኖቭ የተባለ ሩሲያዊ፣ በትምህርቱ የመርከብ ሥራ መሐንዲስ የነበረ ሰው፣ የዓሣ ክምችት በማስገርና በተፈጥሮ ሞት እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳይ ቀመር አውጥቶ በሰሜን ባሕር ፕሌይስ ላይ ሞከረው። ሥራው በምዕራቡ ዓለም ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ብዙ ዓመታት አለፉ።

በ1931 እንግሊዛዊው ራስል ጉዳዩን ማንም ሊረዳው በሚችል መልክ አቀረበው። በዓመቱ መጨረሻ የሚገኘው ክምችት በዓመቱ መጀመሪያ ከነበረው ላይ አዲስ የገቡት ዓሦችና የነባሮቹ ዕድገት ተደምሮ፣ የተያዙትና በተፈጥሮ የሞቱት ተቀንሶ የሚገኝ ነው። የውኃ ማጠራቀሚያ ግድብን ገቢና ወጪ ለሚያሰላ መሐንዲስ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሚካኤል ግራሃም ደግሞ በ1930ዎቹና በ1943 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገደብ የሌለው ማስገር ዞሮ ዞሮ ትርፍ ወደማያስገኝበት ደረጃ እንደሚደርስ አስረዳ። ጥቂት መርከቦች ቢያሰግሩ ዓሣው ለማደግ ጊዜ ስለሚያገኝ፣ ያው ምርት በአነስተኛ ወጪ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ሕንፃው የተጠናቀቀው ሬይመንድ ቤቨርተንና ሲድኒ ሆልት በሎስቶፍት ላቦራቶሪ ሠርተው በ1957 ባሳተሙት ታላቅ መጽሐፍ ነው። ሁለቱ ወጣቶች የሁለተኛውን ጦርነት መረጃ ተጠቅመው፣ ማስገር በተቋረጠበት ጊዜ ምን ያህል ፕሌይስ በተፈጥሮ እንደሚሞት አሰሉ፤ ከመቶው አሥር ያህል በዓመት ሆኖ ተገኘ። ከጦርነቱ በፊት በማስገር ይሞት የነበረው ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። በአንድ ወገን የማስገርን ብርታት፣ በሌላ ወገን ዓሣው መያዝ የሚጀምርበትን ዕድሜ አድርገው የሚገኘውን ምርት እንደ መሬት ከፍታ ካርታ በመሥመሮች ሳሉት። ካርታውን የሚያነብ ባለሥልጣን ከቆመበት ቦታ ወደ ከፍታው ለመድረስ መረቡን ማስፋት ወይስ መርከብ መቀነስ እንደሚሻለው በዓይኑ ማየት ቻለ።

ቀመሩ ከሕግ ጋር ሲገናኝ

ማየት ግን ማድረግ አይደለም። በ1946 በለንደን የተሰበሰቡት መንግሥታት የመረብ ዓይን ስፋትና የዓሣ ርዝመት ዝቅተኛ መጠን ለመወሰን ሲስማሙ፣ የመርከቦችን ብዛት ለመገደብ የቀረበውን ሐሳብ አልተቀበሉም። በ1960ዎቹ ሆላንዳውያን አሮጌውን አግዳሚ በብረት ሠርተው መለሱት፤ አንዲት መርከብ በግራና በቀኝ ሁለት መረብ፣ አሸዋውን ከሚያምሱ ከባድ ሰንሰለቶች ጋር መጎተት ጀመረች። የሞተሮቹ ጉልበት ከዓመት ወደ ዓመት አደገ። ከሰሜን ባሕር የተራገፈው ፕሌይስ በ1989 ወደ 170,000 ቶን ደርሶ ከፍተኛውን መጠን አስመዘገበ፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት አሽቆለቆለ። የጋርስታንግ ትምህርት በመቶ ዓመቱ እንደገና ታየ።

በዚያው በ1989 የአውሮፓ ማኅበረሰብ በሆላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ጠረፍ ያለውን የትናንሽ ፕሌይሶች ማሳደጊያ ከ300 የፈረስ ጉልበት በላይ ሞተር ላላቸው ጎታቾች ዘጋ። ክልሉ መጀመሪያ ለስድስት ወራት ብቻ፣ ከ1995 ጀምሮ ግን ዓመቱን ሙሉ ዝግ ሆነ። ሐሳቡ በስሌት የተደገፈ ነበር፤ ትንሹ ዓሣ በጠረፍ ስለሚኖር ጠረፉን መጠበቅ ዓሣውን መጠበቅ ነው። ሆኖም የጠረፉ ውኃ እየሞቀ በሄደበት በ1990ዎቹ ትናንሾቹ ፕሌይሶች ከቀድሞው ቀድመው ከጠረፍ ርቀው መውጣት ጀመሩ፤ ከተጠበቀው ክልል ወጥተው ከመረቡ ጋር ተገናኙ። የካርታው መሥመር በቦታው ሲቆይ ዓሣው ተንቀሳቅሷል። ክልሉ የተጠበቀውን ያህል ውጤት አለማስገኘቱን በየጊዜው የተደረጉ ግምገማዎች አረጋገጡ።

ለውጥ የመጣው ግራሃም አስቀድሞ ያመለከተው ነገር ሲፈጸም ነው። በ2007 የአውሮፓ ኅብረት ለፕሌይስና ለሶል የብዙ ዓመት ዕቅድ አጸደቀ፤ የሚያዘው መጠን ብቻ ሳይሆን የማስገር ብርታቱም እንዲቀንስ ተወሰነ። የነዳጅ ዋጋ መናርና የመርከቦች ከሥራ መውጣትም አገዘ። በ2010ሮቹ ለመራባት የደረሰው የፕሌይስ ክምችት፣ የተሟላ ስሌት መሠራት ከተጀመረበት ከ1957 ወዲህ ታይቶ ወደማያውቅ ከፍታ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ ለማንኛውም ባለሙያ የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። መሣሪያ በተሻሻለ ቁጥር የመሣሪያው ባለቤት ምርቱን ብቻ ሳይሆን ምርቱ የጠየቀውን ድካም ጭምር መመዝገብ ይኖርበታል። ከጉድጓድ የሚወጣው ውኃ ያልቀነሰው የውኃው ልክ ስላልወረደ ነው ወይስ ፓምፑ ስለጠነከረ? ይህን ለመለየት የሚያስችለው መዝገብ ፓምፑ በተተከለበት ቀን ካልተጀመረ ኋላ ሊተካ አይችልም። የእንግሊዝ ወደቦች መዝገብ ከመጀመሩ በፊት ጎታቹ መረብ ለብዙ ዐሠርታት ሠርቷል፤ በዚያ ዘመን በሰሜን ባሕር ወለል ላይ ምን ያህል ፕሌይስ ይኖር እንደነበር ዛሬ የትኛውም ቀመር አስልቶ ሊመልሰው አይችልም።